የድሮው ኮምፓይለር አስታራቂ

ሰውዬው የሞተው በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለፖሊስ ሲደውል ይህን እንደ ማጽናኛ ደጋግሞ ተናገረው። «አስም ነበረበት፤ ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። «ያው ለደንቡ ያህል አንድ ሰው ላኩልን።»

ለደንቡ ያህል የተላከችው መርማሪ በጣቢያው «መርፌ» ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ቅጥነቷ አይደለም፤ ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ፣ ሞላ ያለች ሴት ናት። መርፌ ያሏት ገብታ በወጣችበት ሁሉ ክር ስለማይጠፋ ነው። ከኋላዋ ለጡረታ አንድ ሐሙስ የቀረው ሳጅን ይከተላል።

አስከሬኑ ያለበት ክፍል ክፍል አይመስልም። ግድግዳው፣ ጣሪያውና በሩ በብረት የተለበጠ፣ ውስጡ በጥቁር ስፖንጅ የተሸፈነ፣ መስኮት የሌለው ነገር ነው። ሠራተኞቹ «ጣሳው» ይሉታል። ሟች ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቷል። በቀኝ እጁ ከአንገቱ የተንጠለጠለች ትንሽ መጥሪያ ጨብጧል፤ አውራ ጣቱ አሁንም እንደተጫናት ነው። የግራ እጁ አንጓዎች ተልጠዋል።

መርፌ እየተነፈሰች ቁጢጥ አለች። «ይሄ ሰው በሩን ሲደበድብ ነበር።»

«የሰማ ሰው ግን የለም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ደብድቧል አልኩ እንጂ ተሰምቷል መቼ አልኩ?»

ሳጅኑ በሩን ከውስጥ ገፋ፣ ጎተተ፣ ዳበሰ። «አለቃ፣ በዚህ በኩል እጀታ የለውም እኮ።»

«ተሰብሮ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አዲስ ታዟል።»

«መቼ?»

«ታዟል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ጥያቄው እንዳልተጠየቀ ሁሉ።

አስከሬኑን ያገኘው የጣሳው ሞካሪ ነው። ቀጭንና አንገተ ረጅም ሲሆን ቀኑን ሙሉ የሬዲዮ ሞገድ ሲያዳምጥ ስለሚውል «ጆሮ» ብለውታል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«እስቲ ሥራችሁን ንገረኝ» አለችው መርፌ። «እንደ ሕፃን ቁጠረኝ።»

«ብቻቸውን የሚኖሩ ሕመምተኞች አሉ አይደል? ይቺን መጥሪያ አንገታቸው ላይ ያጠልቃሉ። ሲጫኗት ያለ ገመድ፣ በሞገድ ትጣራለች። እቤታቸው ያለው ሳጥን ይሰማና ለሆስፒታሉ ጣቢያ ያስተላልፋል። ከዚያ አምቡላንስ ይመጣል።»

«ጣሳውስ?»

«ከውጭ ሌላ ሞገድ እንዳይገባ ነው። መጥሪያና ሳጥን ይዘን እንገባለን፣ በሩ ከውጭ ይቀረቀራል፣ ጸጥ ይላል። ስልክ የለ፣ ምን የለ። ብረት ነገርም መለኪያውን ስለሚያሳብድ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሰዓት ሁሉ ውጭ ቅርጫት ውስጥ እናስቀምጣለን።»

መርፌ ቅርጫቱን አየች። የሟች መነጽር ማኅደር፣ የቤት ቁልፉ፣ ወደ አፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት። የመድኃኒቱ ዕቃ ቆርቆሮ ነው።

«ከውስጥ እጀታ ከሌለ እንዴት ትወጣላችሁ?»

«በራሱ በመጥሪያው። ውስጥ ያለው ሳጥን በገመድ ከዚህ ደወል ጋር ተያይዟል።» በጣሳው ትይዩ ካለው ጠረጴዛ በላይ የተሰቀለ ቀይ ደወል አሳያት። «ሰውዬው መጥሪያውን ይጫናል፣ ሳጥኑ ይሰማል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ የሰማ ሰው ይከፍታል። ሁሌም እንደዚያ ነው የምንሠራው።»

«ዛሬ አልጮኸም።»

«ጠዋት ጮኋል! በሩን ከመዝጋቴ በፊት ጋሼ ተጭኖ ሞክሮታል፤ እንደ በሬ ነው የጮኸው። ‹በል ዝጋብኝ፣ አንተ ጆሮ› አለኝ። ዘጋሁበት። ለጣሳው አየር የሚያስገባውን ማራገቢያ እንደበራ ትቼ ሥራ አስኪያጁ ስለጠራኝ ወደ ላይ ወጣሁ። እኔ ነኝ የዘጋሁበት።»

«ያኔ ሌላ ማን ነበር እዚህ?»

«እኔና እሱ ብቻ። ሥራ አስኪያጁ ላይ ቢሮው ነው። ፕሮግራመሯ ሰንበሌጥ ልወጣ ስል ደረሰች፤ ደረጃው ላይ ተላለፍን።»

«ስለ ደወሉ ለማን ነግረሃል?»

«አሁን ለእርስዎ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

«እንግዲያው ማንም ሌላ አይጠይቅህ» አለች መርፌ።

ሳጥኑን ከነቀለች በኋላ መልሳ ሰካችውና መጥሪያውን በራሷ ጣት ተጫነች። ደወሉ ሲጮኽ ሳጅኑ ደነገጠ። ደግማ ተጫነች። ዝም። ሠለሰች። ዝም።

«ምኑ ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ሰሚ መስሎ የሚደነቁር» አለች መርፌ። «እንደ አንዳንድ አለቃ።»

በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ነገር አዲስ ነው፤ የወንበሩ ፌስታል እንኳ አልተላጠም። ሟች ምን ይሠራ እንደነበር ሲጠየቅ ተነፈሰ።

«አስታራቂ ነው የምንለው። በሳጥኑ ውስጥ ገመድ አልባውን የሚያሠራ ፕሮግራም አለ፣ ድራይቨር። ልጆቹ ኮዱን ይጽፋሉ፤ ኮምፓይለር የሚባለው ደግሞ የሰውን ጽሑፍ ለማሽኑ በሚገባው ቋንቋ ይገለብጠዋል። የድሮዎቹ ሳጥኖች የሚገባቸው የአንድ የድሮ ኮምፓይለር ግልባጭ ብቻ ነው። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። የቀረን አንድ ማሽን ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ከዚያ ማሽን ሌላ ላይ አልነሣም ብሏል።»

«እና ልጆቹ አዲስ ሲጽፉ?»

«የድሮው ይመልስባቸዋል። ግትር ነው። ለምሳሌ በድሮው ሥርዓት የምትጠቀሚበትን ነገር በሙሉ ከላይ ደርድረሽ ስሙን ካልጠራሽ ሥራ መጀመር የለም። በአዲሱ ግን እየሠራሽ በመሐል እንዳመጣልሽ ትጠሪያለሽ። ልጆቹ ይሥቃሉ። አስታራቂው መሐል ገብቶ ሁለቱም እንዲቀበሉት አድርጎ ይጽፈዋል። ሲያስማማ ኖረ።»

«አሁን ምን ይሆናል?»

ሥራ አስኪያጁ ጣቱን በጣቱ ቆላለፈ። «በሚመጣው ወር መጀመሪያ ሆስፒታሉ ጣቢያውን ይቀይራል። አዲስ ድራይቨር ያልተጫነበት ሳጥን ከዚያ በኋላ የሚያናግረው የለም። ለድሮዎቹ የሚሆነውን እሱ ሊጨርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር።»

«ካልተጨረሰ?»

«አዲስ ሳጥን አለ። በወረፋ ነው። ወረፋው...» እጁን በአየር ላይ አንከባለለ። «እውነት ለመናገር የድሮው እንዲዘጋ ከጠየቅሁ ቆየሁ። ሰው ያልሞተበትን ነገር መዝጋት ይከብዳል። አሁን ግን፣ ሳጥኑ ራሱን ሠሪውን...» ያለውን ራሱ ሰማውና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ይቀጥሉ እንጂ፣ ጥሩ እየሄደ ነበር» አለች መርፌ። «ተተኪ የለውም?»

«ዋናው ቢሮ ስለጠየቀኝ እኔም እሱኑ ጠየቅሁት። ባለፈው ‹አንድ ሰው አለኝ፣ አሠልጥኜዋለሁ፤ ይቺን ልጨርስና ስሙን እነግርሃለሁ› አለኝ። የሚችል ሰው ከተገኘ እስከ ጡረታው ድረስ እዚያው መመደብ ነው፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነው። ማን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሞተ።»

«እርስዎ ኮድ ይጽፋሉ?»

«እኔ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የይለፍ ቃሌን እንኳ የሚጽፉልኝ እነሱ ናቸው።»

ሰንበሌጥ የተባለችው ፕሮግራመር ከደወሉ በታች ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው የምትሠራው። የጆሮ ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ ወርዷል። ስሙን ያወጣላት ሟች ነው። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ።

«ይሄን ስም ትወጂዋለሽ?» አለቻት መርፌ፣ ሳትጋበዝ ወንበር እየሳበች።

«ለምጄዋለሁ። ኮዴን ሲመልስብኝ ‹ሰንበሌጥ፣ ግድግዳሽ ነፋስ ያስገባል› ይለኝ ነበር።»

«ትጣሉ ነበር?»

«ሰው ከእሱ ጋር አይጣላም። ያስታርቅሃል።» ልትሥቅ ሞክራ ከንፈሯ አልታዘዛትም።

«አስም እንዳለበት ታውቂያለሽ?»

«ሁላችንም እናውቃለን።»

«ማራገቢያው ጠፍቶ ነው የተገኘው።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች፣ ምንም ሳትሸሽግ። «ይጮኻል። ሁሌም አጠፋዋለሁ፤ ይጠይቋቸው። መድኃኒቱ ያለ መስሎኛል። መጥሪያውም ያለ መስሎኛል።»

«አዎ፣ መጥሪያው። ለምን ያልጮኸ ይመስልሻል?»

ሰንበሌጥ ትከሻዋን ሰበቀች። «ያ ኮምፓይለር ከእናቴ ይበልጣል እኮ። እኔ ነክቼው አላውቅም፤ እግዜር ያሳያችሁ። ግን ይታወቃል፣ አንዴ ካየ ዳግም የማያይ ነገር ነው። ጠዋት መልስ ይሰጥና ሲቸግርህ ይረሳሃል። ያን ነገር ሕይወታቸው አድርገው የሚተኙ ሰዎች አሉ፤ እኔ የሚገርመኝ እሱ ነው።»

«ይገርማል» አለች መርፌ። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። «ይሄ የአሁን ሥራሽ ነው?»

«ለአዲሱ ሳጥን ነው። ለአዲሱ ኮምፓይለር። ዋናው ቢሮ ለዚሁ ሥራ መርጦኛል፤ በቅርቡ እዛወራለሁ።»

መርፌ ኮድ ማንበብ አትችልም። ጽሑፉን ያየችው ሰው የሠርግ ፎቶ እንደሚያይ ነው፤ ማን የት እንደቆመ ብቻ። በየምዕራፉ አናት ላይ አጫጭር ቃላት በሥርዓት ተሰልፈው ቆመዋል። ከሥራቸው ክፍት መስመር። ከዚያ በኋላ ነው ግርግሩ የሚጀምረው።

«ቆንጆ ጽሑፍ ነው» አለች ስትነሣ። «ሰንበሌጥ አይመስልም።»

የሟች ባለቤት ቤት ከሥራ ቦታው ሩቅ አይደለም። በሩን የከፈተችላቸው ጎረቤት አስቀምጣቸው ሄደች። ባለቤቲቱ በሦስት ትራስ ተደግፋ አልጋ ላይ ናት። ልቧ ደክሟል፤ ቃል ከቃል መካከል እያረፈች ነው የምትናገረው። አንገቷ ላይ መጥሪያ፣ ራስጌዋ ባለው መደርደሪያ ላይ ጠርዙ የተላጠ የድሮ ሳጥን አለ።

«አሞኝ... ቀብሩ ላይ እንኳ... በወንበር ነው የሚወስዱኝ» አለች። «ግቡ፣ ልጆቼ። እሱ አይወድም ነበር... እንግዳ ሲቆም።»

«እማማ፣ ይሄን ሳጥን ማን ነው የሚንከባከበው?»

«እሱ ነዋ። አዲስ ነገር በሠራ ቁጥር... መጀመሪያ እኔ ላይ ነው የሚጭነው። ‹አንቺ ላይ ካልሠራ... ለማንም አልሰጥም› ይላል። ትናንትም... ከሥራ ሲመለስ ጭኖልኛል። ያችን ነገር... ከጎኑ ሳይነቅላት ሄደ።» ከሳጥኑ ጎን አንድ ፍላሽ እንደተሰካ ነው።

«ልሞክረው?»

«ሞክሪው።»

መርፌ መጥሪያውን ተጫነች። ሳጥኑ ጮኸ፤ ወዲያው የአንዲት ወጣት ድምፅ ወጣ። «እማማ! ምን ሆኑ? ልላክ?»

«ደህና ነኝ... ልጄ። ሙከራ ነው።»

መርፌ ደግማ ተጫነች። ሳጥኑ እንደገና ጮኸ። «እማማ! አሁንስ?»

«አሁንም... ሙከራ ነው።»

«ልቤን አወጡት እኮ፣ እማማ!»

«የእኔ ልብ... ይብሳል። አትርሺ» አለች ባለቤቲቱ፣ ሳጅኑም ሳያስበው ሣቀ።

መርፌ ፍላሹን በእጅ መሐረብ ጠቅልላ ነቀለች። ስትወጣ ባለቤቲቱ እጇን ያዘቻት። «አንድ ነገር... ልጠይቅሽ። ከወሩ መጀመሪያ በኋላ... ይሄ ሳጥን አይሰማም ብሎኛል። ‹ትንሽ ቀርታኛለች፣ አትፍሪ› ብሎኝ ነበር። የቀረችውን... ማን ይጨርሳታል?»

«እጠይቃለሁ፣ እማማ» አለች መርፌ። በሥራ ዘመኗ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቋታል፤ አጭር መልስ እንዲህ ያስፈራት ጊዜ ግን የለም።

በማግስቱ መርፌ ሁሉንም ከጣሳው ፊት ሰበሰበቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ቆመ። ጆሮ ጥግ ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ። ሰንበሌጥ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ባለቤቲቱን ጎረቤቶች በተሽከርካሪ ወንበር አምጥተዋት በሩ አጠገብ አስቀምጠዋታል። የድሮው ኮምፓይለር ያለበት ማሽን ከሟች ጠረጴዛ ላይ ወርዶ መሐል ላይ ቁጭ ብሏል፤ ቢጫ፣ ወፍራም፣ እንደ ሻንጣ።

«ረጅም ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከእጀታው ትእዛዝ ያጥራል» አለች መርፌ። «ሁላችሁም እጃችሁ አለበት፤ ከዚያ እንጀምር። እርስዎ እጀታውን አላሠሩም። ጆሮ በሩን ዘጋ። ሰንበሌጥ ማራገቢያውን አጠፋች። መድኃኒቱን ደግሞ ሟች ራሱ ቅርጫት ውስጥ ተወው፤ የአሠራር ደንባችሁ እንደዚያ ስለሚል። ይሄ ሁሉ በየቀኑ የሚደረግ ነው። በየቀኑ ደግሞ ማንም አልሞተም፤ መጥሪያው ነበራ። የትናንቱ ልዩነት መጥሪያው ነው።»

«አርጅቶ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ያረጀ ነገር እንዲህ ጊዜ መርጦ አይበላሽም። ጆሮ፣ ትናንት ጠዋት ከመዝጋትህ በፊት ምን ሆነ?»

«ጮኸ» አለ ጆሮ። «አንዴ ተጭኖት ጮኸ።»

ሥራ አስኪያጁ ዞር አለ። ሰንበሌጥ አልዞረችም።

«እኔም ሞክሬዋለሁ። ነቅለን ስንሰካው የመጀመሪያውን ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ደንቆሮ ነው። እማማ ቤት ያለው ግን ስንቴ ቢጫኑት ይሰማል። ይሄንንም ያንንም የሠራው አንድ ሰው ነው። የእማማን ከትናንት ወዲያ፣ ከሥራ ሲወጣ ይዞት ሄደ። የጣሳውን በማግስቱ ጠዋት ከዚሁ ማሽን አወጣ። ትናንት ከሰዓት ጆሮ የፍላሹንና የማሽኑን ኮድ ጎን ለጎን አድርጎ አወዳደረልኝ። ጆሮ፣ ስንት ልዩነት ነበራቸው?»

«አንድ ቃል» አለ ጆሮ። «ፍላሹ ላይ አለ፣ ማሽኑ ላይ የለም። ምን እንደምትሠራ እኔ አላውቅም። የምሰማ ነኝ እንጂ የምጽፍ አይደለሁም።»

«ሟች ከወጣ በኋላና በማግስቱ ሳይገባ በፊት፣ አንድ ሰው እዚህ ማሽን ላይ ተቀምጦ አንዲት ቃል ነቅሏል። ሌላ ምንም አልነካም። አሁን ልብ በሉ። ሳጥኑን ማደንቆር ቀላል ነው፤ ሽቦ መቁረጥም ይበቃ ነበር። ግን ሟች ከመግባቱ በፊት ሁሌ አንዴ ይሞክራል። የተቆረጠ ሽቦ ያኔ ይታወቅ ነበር። የተፈለገው ሳጥን ሲሞከር የሚሰማ፣ ሲለመን የማይሰማ ነው። ይሄን ለመሥራት የዚህን የድሮ ኮምፓይለር አመል እንደ ባል አመል ማወቅ ያስፈልጋል።»

«ማንም አያውቀውም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ችግራችንም እሱ ነው።»

«አንድ ሰው ያውቀዋል። ሟች አሠልጥኜዋለሁ ያለዎት ሰው። እርስዎ አይደሉም፤ ሳጥኖቹ እንዲዘጉ ይፈልጋሉ፣ ግን የይለፍ ቃልዎን እንኳ ሰው ነው የሚጽፍልዎ። ጆሮም አይደለም። ጠዋት ደወሉ መጮኹን የነገረኝ እሱ ነው። ዝም ቢል ኖሮ ‹አሮጌ ነገር ነው፣ ከመነሻውም ተበላሽቶ ነበር› ብለን ሻንጣችንን እንሸከም ነበር። ሌባ የሰረቀበትን ቤት መብራት አያበራም።»

መርፌ ከደወሉ በታች ወዳለው ጠረጴዛ ዞረች።

«ሰንበሌጥ፣» አለች መርፌ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ያልጮኸው ለምን ይመስልሻል ብዬ ስጠይቅሽ ‹ጠዋት መልስ ይሰጥና ሲቸግርህ ይረሳሃል› አልሽኝ። ትናንት ጠዋት መልስ መስጠቱን ማን ነገረሽ? አንቺ ስትመጪ በሩ ተቀርቅሮ ነበር። ጆሮ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።»

«በጠቅላላው ነው የተናገርኩት» አለች ሰንበሌጥ። «የታወቀ ነው፣ ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም እዚህ አለ። ማን ያውቃል?»

ሥራ አስኪያጁ ጫማውን አየ። ጆሮ ራሱን ነቀነቀ።

«ነክቼው አላውቅም ያልሽውን ኮምፓይለር አመሉን ነገርሽኝ። ይሁን፣ ከሰው ሰምተሽ ነው እንበል። ጽሑፍሽስ? ለአዲሱ ሳጥን የምትጽፊውን አይቻለሁ። እንደ ልብሽ በመሐል መጥራት ሲፈቀድልሽ ሁሉንም ከላይ ደርድረሽ ነው የምትጀምሪው። ሥራ አስኪያጁ ልጆቹ የሚሥቁበት ያሉት የድሮ ሥርዓት ነው። አፍ ይዋሻል፣ የለመደ እጅ ግን ምን ይዋሽ? አስታራቂው ያሠለጠነው ሰው አንቺ ነሽ። ስምሽን ሊነግራቸው ነበር። ቢነግራቸው ዋናው ቢሮ ቀርቶብሽ እስከ ጡረታሽ እዚህ ወንበር ላይ ነበርሽ።»

ሰንበሌጥ የጆሮ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በቀስታ፣ ገመዱን ጠቅልላ።

«በምሳ ሰዓት ነው ያስተማረኝ» አለች። «መጀመሪያ እንዳይመልስብኝ ብዬ ነው። ከዚያ ወደድኩት፣ ሞኝ ስለሆንኩ። ቃሏን ስታነሺው ያ ኮምፓይለር ‹ይሄንን ቅድም አይቼዋለሁ› ይልና ዳግም ላለማየት ይወስናል። ቃሏ ‹ሁሌ እይ› ማለት ናት። ጋሼ ሲያሳየኝ እንደ ልጅ ነበር የሚሥቀው።» ወደ ቢጫው ማሽን ተመለከተች። «‹ደስ ይበልሽ፣ ስምሽን ልሰጣቸው ነው› አለኝ። ምርቃት መስሎታል። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሞተ ነገር ሲያስታምም ኖሮ ሊያወርሰኝ! እምቢ ብል አይሰሙኝም፤ የምችል እኔ ብቻ ነኛ።»

«እንዲሞት ፈልገሽ ነው?» አለች መርፌ።

«እንዲዘጋበት ነበር። ደንግጦ፣ ‹ይሄ ሳጥን አይታመንም› ብሎ ራሱ እንዲዘጋው። ትንሽ ቆይቼ ልከፍትለት ነበር።»

«አልከፈትሽም።»

«ሲደበድብ ሰማሁት። ቀስ ያለ ነው፣ በስፖንጅ ውስጥ... አሁን ከከፈትኩ ወጥቶ ቃሏን ያያታል፣ እኔ መሆኔን በአንድ ጊዜ ያውቃል አልኩ። ማዳመጫዬን አደረግሁ።» እጇን አየች። «ዘፈኑን ከፍ አደረግሁት።»

ጆሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ በየቀኑ የሚያወጣው ዕቃ አልመሰለም፤ ሁለቴ ከእጁ ወደቀበት።

ባለቤቲቱ ናት ቀድማ የተናገረችው። አላለቀሰችም፤ ለልቅሶም ትንፋሽ ያስፈልጋል። «የቀረችው...» አለች። «የቀረችው ሥራ... ብዙ ናት?»

ማን እንደተጠየቀ ለማወቅ ጊዜ ወሰደባቸው። የምትመለከተው ሰንበሌጥን ነበር።

«ትንሽ ናት» አለች ሰንበሌጥ። «ዛሬ ውዬ እጨርሳታለሁ፣ እትዬ። እዚሁ፣ እሱ ማሽን ላይ። ከዚያ ይውሰዱኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «የሚችል ሌላ ሰው የለም። እውነቴን ነው።»

እውነቷን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያስያዛትም ይኸው ነው።

መርፌ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ዐቃቤ ሕጉን አገኘችው። ስትለምን ሰምቷት የማያውቀው ሳጅን በሩ ላይ ቆሞ ሰማት። «ተከሳሽ የገደለበትን መሣሪያ መልሰሽ እጁ ላይ ልታስቀምጪለት ነው? ጤነኛ ነሽ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ፤ ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። «ማሽኑ ይታሸግ። ፍርድ እስኪሰጥ አንድም ሰው እንዳይነካው። አደራ!»

«ፍርዱ መቼ ይደርሳል?»

«አንቺ ፖሊስ አይደለሽም እንዴ? አታውቂውም?»

ታውቀዋለች። ከወሩ መጀመሪያ በኋላ ነው፤ ከብዙ ወር መጀመሪያዎች በኋላ።

ተመልሳ ገባች። «መቅዳት አይቻልም?» ብላ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው፣ መልሱን ራሱ ቀድሞ ነግሯት እያለ። እሱም ሌላ ማሽን ላይ አልነሣም የሚለውን መድገም አፍሮ እጁን ብቻ ዘረጋ። ከዚያ ለመላው ቤት የሚበቃ ድምፅ አወጣና «እንግዲህ ለደንበኞቻችን ደብዳቤ እንጽፋለን» አለ።

ሰንበሌጥን ወሰዷት። በባለቤቲቱ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች፤ ሳጅኑም አልገፋትም። ካቴና የገባባቸውን እጆቿን ወደ ወንበሩ ዘረጋች። ባለቤቲቱ ግን አልያዘቻቸውም።

መርፌ ቀዩን ማሸጊያ ከቦርሳዋ አወጣች። የማሽኑን ገመድ ነቀለች፣ ክዳኑን በወረቀት አሰረች፣ ማሸጊያውን በአራቱም ጎን ለጠፈች፤ ፈረመችበት። ጥሩ ሥራ ነው። የሠራችው ነገር ሁሉ ትክክል ነበር፤ ለማን እንደሆነ ብቻ ማሰብ አልፈለገችም።

በመጨረሻ ከተሽከርካሪው ወንበር ፊት ጎንበስ አለች። «እማማ፣ አዲሱ ሳጥን እስኪደርስዎት...» ማለት የጀመረችውን አቋረጠች፣ ደግማ ጀመረች። «ጎረቤቶችዎ ቅርብ ናቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት። ሲያምዎት ይጩኹ። ጮክ ብለው ይጣሩ።»

ባለቤቲቱ አየቻት። እንደ ተቆጣ ሰው አይደለም፤ የማይገባው ልጅ እንደሚታይ ነው።

«ልጄ፣» አለች፣ «መጮኽ የሚችል... ትንፋሽ ቢኖረኝ... መጥሪያ ምን ያደርግልኝ ነበር?»